ጠጋ በሉ

ሃያ ሁለት ዓመት የሚኒባስ ረዳት ሆኖ የሠራ ሰው ባዶ ወንበር ሲያይ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ያሳክከዋል። እውነቴን ነው፤ ከመዳፉ ይጀምረውና እስከ ክርኑ ይወጣል። ሌላው ሰው ባዶ ወንበር አይቶ ዝም ብሎ ያልፋል። ረዳት አያልፍም። ለአራት ሰው የሚሆን ወንበር ላይ ሦስት ሰው ተዘርፍጦ ከተቀመጠ፣ ውጭ ፀሐይ ላይ የቆመ አንድ ሰው ዐይኑ እያየ ተበድሏል ማለት ነው። ስለዚህ ይጮሃል። «ጠጋ በሉ! ወንድሜ፣ እግርህን ሰብሰብ! እናቴ፣ ፌስታሏን ጭንዎ ላይ ያድርጓት! ኧረ ጠጋ ጠጋ፣ ማንም ማንንም አይበላም!»

የኛ ሰው እንዲህ ሲል ኖሮ ኖሮ ጉልበቱ አልታዘዝ አለው። ቀኑን ሙሉ ከመኪና መዝለልና መኪና ላይ መንጠልጠል ቀልድ አይደለም። ሐኪሙ «ከእንግዲህ በቃህ» ባለው ሰሞን የእህቱ ልጅ፣ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፣ አንድ ወሬ ይዛለት መጣች። ላይብረሪያኗ ልትወልድ ነው፤ እስክትመለስ ድረስ በር ከፍቶ የሚዘጋ፣ መጽሐፍ የሚሰጥና የሚቀበል፣ ጸጥታ የሚያስከብር ሰው ይፈለጋል።

«ኧረ እኔና መጽሐፍ ምንና ምን ነን?» አላት።

«አጎቴ፣ መጽሐፉን እነሱ ያንብቡት። አንተ ልጆቹን ጠብቅ» አለችው።

ገባ። በመጀመሪያው ሳምንት መጽሐፎቹ ጀርባ ላይ የተለጠፉትን ቁጥሮች አጠና፤ ታፔላ ከሩቅ ማንበብ ለለመደ ሰው ይቺ ምን አላት! በሁለተኛው ሳምንት ድምፁን ዝቅ ማድረግ ተማረ፤ ማለቴ ለመማር ሞከረ። አንድ ቀን ግን አራት ልጆች ስድስት ሰው በሚያስቀምጥ ጠረጴዛ ላይ ተንፈላስሰው ሲያይ፣ ሳያስበው «ጠጋ በሉ!» ብሎ አንባረቀ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ ይባል የለ? ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያች ቀን ወዲህ ስሙ ተለወጠ፤ ለልጆቹ ጋሽ ጠጋበሉ ሆኖ ቀረ። እሱም አልከፋው። እንዲያውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወደደው።

ፈተናው አንድ ወር ሲቀረው ላይብረሪዋ ጠበበች። ያላት ስልሳ ወንበር ነው። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ብቻቸውን ከመቶ ይበልጣሉ፣ ትምህርታቸው አልቆ ቀኑን ሙሉ ጥናት ላይ ናቸው። ዳይሬክተሯ፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት፣ አስጠራችውና «አንድም ወንበር ባዶ እንዳይውል። እርስዎ ደግሞ የሚያውቁት ሥራ ነው አሉ» አለችው። ደረቱ ተነፋ። የሙከራ ጊዜው ሦስት ወር ነው፤ አንዱ ብቻ ነው ያለፈው። ወንበር መሙላት ከሆነ የተፈለገው፣ ሰው አገኙ!

ታዲያ ጥግ ላይ፣ የታሪክ መጻሕፍት መደርደሪያ አልቆ ግድግዳው በሚጀምርበት ቦታ፣ ሁለት ሰው የምታስቀምጥ ትንሽ ጠረጴዛ ነበረች። አንደኛው ወንበር ላይ ሁልጊዜ አንዲት ልጅ አለች። ቀጭን ናት፣ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ትጎትታለች፣ ከገባች እስክትወጣ ከመጽሐፍ ቀና አትልም። የጥጓ ልጅ ይሏታል። እንደሷ የሚያነብ ልጅ አላየም። ሌላው በሳምንት አንድ መጽሐፍ ከመለሰ ጎሽ ነው፤ እሷ አራት ትመልሳለች፣ ያውም አንድ ገጽ ሳይታጠፍ። አጠገቧ ያለው ወንበር ግን ሁሌም ባዶ ነው።

«ይሄ ወንበር?» ብሎ ጠየቀ ሰኞ ዕለት፣ በዚያ የመናኸሪያ ድምፁ።

«ሰው አለው» አለ ከቀጣዩ ጠረጴዛ አንድ ልጅ፣ በሹክሹክታ።

«ምን? አልሰማሁህም! ሰው አለው ነው ያልከው?»

ልጁ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በአዎንታ አንገቱን ነቀነቀ። ማክሰኞ ደግሞ ጠየቀ። «ሰው አለው፣ ጋሼ» አለች ሌላ ልጅ፣ ከትንፋሽ በማይበልጥ ድምፅ። ረቡዕ ጠየቀ። «ሰው አለው።» ይሄኛው እንኳ በሩ አጠገብ የተቀመጠ ነው፣ ከወንበሩ አሥር ሜትር ርቆ! እሱን ደግሞ ምን አገባው?

እስቲ ለማን ነው «ሰው አለው» የሚባለው? ለእሱ? ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳውን ጎኑ አስቀምጦ ተመቻችቶ መሄድ የሚፈልግ ሁሉ የሚላት ቃል ናት። «የታል ሰውየው?» ሲባል «ሱቅ ገብቶ ነው፣ መጣ፣ መጣ» ይላል። መኪናው ይሄዳል፣ ሰውየው አይመጣ። ዐይን ያወጣ ውሸት! የኛ ሰው ሐሙስንና ዓርብን ዝም ብሎ ወንበሩን ጠበቀ። ሰዓቱን እያየ ጠበቀ። የወንበሩ ባለቤት ዝር አላለም። ቆሽቱ አረረ።

በቀጣዩ ማክሰኞ ላይብረሪዋ ጢም ብላ ሞላች። መሰላል የሚሉት አንድ ረጅም ልጅ መደርደሪያውን ተደግፎ፣ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሞ ያነባል። ጋሽ ጠጋበሉ ክንዱን ያዘው።

«ና።»

«የት ጋሼ?»

«ና ስልህ!»

ጥጉ ጋ ሲደርሱ ለልጁ ገባው፤ ፊቱ ተለዋወጠ። «ግዴለም ጋሼ። መቆም ይመቸኛል።»

«መቆም የሚመቸው ሰው የለም፤ እኔን ጠይቀኝ!» አለና ትከሻውን ጫን አድርጎ አስቀመጠው። በዚህም አልበቃውም፤ ወንበሩን ከነልጁ ወደ ጠረጴዛው ገፋው። ቀጥሎ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለ። በአባት ቃና፣ ትከሻዋን መታ መታ እያደረገ፣ «ጠጋ በይ የኔ ልጅ» አላት።

ልጅቷ ደረቀች።  የመሰላል ክርን ከክርኗ ሁለት ጣት አይርቅም፤ ልጁ እየተጣመመ ወደ ማዶ ቢሸሽም ያ ረጅም ገላው የት ይግባ?  መጽሐፏን ዘጋች። እርሳሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ግድግዳውን ታክካ፣ ማንንም ሳታይ፣ ወጣች።

 መሰላል ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ጋሼ፣ ምን አደረግን?» አለ።

«አደረግን» ነው ያለው። «አደረጉ» አላለም። ልብ በሉልኝ፣ የአስራ ስምንት ዓመት ልጅ ነው።

በማግስቱ አልመጣችም። ሐሙስም አልመጣችም። ላይብረሪዋ ሞልታ፣ አሥራ ምናምን ልጅ ቆሞና መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ያቺ የጥግ ጠረጴዛ ከሁለት ወንበሯ ጋር ባዶዋን ቀረች።

«ኧረ ቁጭ በሉ! ሁለት ቦታ አለ እኮ!»

«ሰው አለው» አለ እግሩን አጣጥፎ ወለሉ ላይ የተቀመጠ ልጅ።

«የትኛው?»

«ሁለቱም።»

ይኸው ነው። አልጮኹም፣ አላመፁም፣ ግድግዳ ላይ ስድብ አልጻፉበትም። ሲያገኙትም እንደ ወትሯቸው «እንደምን አደሩ ጋሼ» ይሉታል። ቢጮኹበት በተሻለው ነበር፤ ለጩኸት መልስ አጥቶ አያውቅም። ይሄ ግን ኩም አደረገው። ቤቱ ሲገባ ራቱን በልቶ መነሳቱን እንኳ አያስታውስም። ልጅቷ የት ይሆን የምታጠናው? ቤቷ ቢመቻት ኖሮ ከጠዋት እስከ ማታ እዚህ ትውል ነበር? ፈተናው ሊደርስ ሦስት ሳምንት አልቀረውም። የአስራ ሁለት ዓመት ልፋት ነው! በእሱ አንድ ግፊያ ገደል ቢገባስ?

ከተማሪዎቹ መካከል ሬዲዮ የሚሏት ልጅ ነበረች። ስሟን ያገኘችው በሥራዋ ነው፤ ዜናው ሳይፈጸም እሷ ታሰራጫለች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጽሐፍ ልትመልስ ስትመጣ ያዛት።

«ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው። ንገሪኝ እስቲ፣ ያቺ ልጅ ምን ሆና ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«አንቺ? የመምህራኑን የልደት ቀን የምታውቂው?»

«እውነቴን ነው ጋሼ፣ አላውቅም። የማውቀው ሰው ሲጠጋት እንደማይመቻት ብቻ ነው። ዘጠነኛ ክፍል እያለን አንድ ልጅ አጠገቧ ሲቀመጥ ተነስታ ወጣች። ሌላ ቀንም እንደዚያው። ከዚያ በቃ፣ ማንም አልተቀመጠም። አዲስ ሰው ሲመጣ ‹ሰው አለው› እንለዋለን። ቀስ ብለን ነው የምንለው፣ እንዳትሰማ።»

«ማን እንዲህ በሉ አላችሁ?»

«ማንም።»

«ተሰብስባችሁ ወሰናችሁ?»

ሳቋ አመለጣት። «ለወንበር ስብሰባ?»

«እና ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም?»

ሬዲዮ ግራ ገባት። ጥያቄው በሌላ ቋንቋ የተጠየቀች ይመስል ትንሽ አየችው።

«ለምን እንጠይቃታለን? መንገር ከፈለገች ትነግረን የለ?»

ጋሽ ጠጋበሉ አፉን ያዘ። አስቡት እስቲ። እኛ ትልልቆቹ አንዲት ነገር ለሰው ከመተዋችን በፊት ስንት ነገር እንጠይቃለን! ምን ሆነህ ነው? ማን ምን አድርጎህ ነው? የሐኪም ወረቀትህስ? ሰውየው ሆዱን ዘርግፎ ካላሳየን አናምነውም፤ ዘርግፎ ካሳየን ደግሞ ለጎረቤት እናወራዋለን። እነዚህ ጢማቸው ገና ያጎነቆለ፣ ሲስቁ አፋቸውን የማይከድኑ ልጆች ግን ምክንያቱን ሳያውቁ፣ ማወቅም ሳያስፈልጋቸው፣ አንድ ወንበር ሦስት ዓመት ጠበቁ። ያውም ወሬኛዋ ሬዲዮ አፏን ይዛ!

«ሌላስ?» አላት። «ሌላ የማላውቀው ምን አላችሁ?»

ከጠየቋትማ! ባንኮኒው ላይ ተደግፋ በአገጯ ታሳየው ጀመር።

«ያ ጫፍ ላይ ያለው ግራኝ ነው። መሃል ከተቀመጠ ክርኑ ከሰው ክርን ይጋጫል፣ ስለዚህ ጫፏ የእሱ ናት። ያቺ ባለ መነጽሯ ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ፊት ለፊቷ የሚቀመጥ ሰው ቀና ብሎ አያያትም፣ ታፍራለች። ያኛው…»

«ተኝቷል እንዴ?!»

«ይተኛ! ቤታቸው አራስ ልጅ አለ፣ እንቅልፍ የለውም። ሰዓቱ ሲደርስ ጠረጴዛውን ቀስ አድርገን እናንኳኳለታለን። ትከሻውን ከነኩት ይደነግጣል። እስክርቢቶ የተዘጋ ደብተር ላይ ከተጋደመ ‹መጣሁ› ማለት ነው፣ ቦታው አይነካም። ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ያደረገች ልጅ ደግሞ የግድ ዘፈን እየሰማች አይደለም፤ ‹አሁን አታናግሩኝ› ማለቷ ነው። እነዚያ ሁለቱ ደግሞ፣» ድምፅዋን የበለጠ ዝቅ አደረገች፣ «ባለፈው ወር ተለያይተዋል። እሱ የመስኮቱን በኩል ይዟል፣ እሷ የበሩን። መተላለፊያው ላይ እንዳይገናኙ እሱ ሲነሳ ጓደኛዋ ጥያቄ ትጠይቃታለች።»

ጋሽ ጠጋበሉ የቀረውን ሰዓት ሲያይ ዋለ። ከወር በላይ ፊቱ የነበረን ነገር ገና ያን ቀን አየው። አንዱ ልጅ ሲያስነጥሰው ጎረቤቱ ሳያየው መሀረብ አቀበለው። አንዲት ልጅ ሒሳቡ አልገባ ብሏት ዐይኗ እንባ ሲያቀር፣ አጠገቧ ያሉት ሁሉ ባንድ ጊዜ ሥራ በዛባቸው፣ ደብተራቸው ውስጥ ገቡ፤ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ግን አንዱ የሠራበትን ወረቀት «ተሳስቼ ነው መሰለኝ፣ እይልኝ እስቲ» ብሎ ወደሷ ገፋ አደረገላት። አልተሳሳተም እኮ! ልጁ የክፍሉ አንደኛ ነው! «የዛሬ ልጆች ሥርዓት የላቸውም» የሚል ሰው ካለ እዚህ ይምጣና ግማሽ ቀን ይቀመጥ። ሥርዓትማ ሞልቷቸዋል፤ ጽፈው ግድግዳ ላይ አልለጠፉትም እንጂ። እሱ ራሱ መናኸሪያ ውስጥ በፊሽካና በጩኸት ያላመጣውን ሥርዓት እነሱ በቅንድብ ያመጡታል።

ደስ አለው፣ አፈረም። ሁለቱም ባንድ ላይ መጡበት። ዕድሜውን ሙሉ ጠጋ በሉ ሲል ኖሯል፣ ሰውን ከሰው ማጠጋት ደግ ሥራ መስሎት። እነዚህ ልጆች ለአንዲት ልጅ ጥግ ሆነዋት ነበር። እሱ መጥቶ ጠጋ በይ ብሎ ጥጓን አሳጣት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚሉት ለካ ለእሱ ነው!

ዓርብ ጠዋት የዳይሬክተሯን በር አንኳኳ።

«ሦስት ወንበር ያስፈልገኛል። ደግሞ በሁለት ሰዓት መክፈቱን ትቼ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ልክፈት።»

«ምነው?»

ነገራት። ገፍቶ ማስቀመጡን አልደበቀም፣ ትከሻዋን መምታቱንም አልደበቀም። ዳይሬክተሯ እስክርቢቶዋን አስቀመጠች።

«ልጅቷ የሐኪም ማስረጃ አላት?»

«እኔ እንጃ።»

«ምን እንደሆነች ሳያውቁ ነው በዚህ ጭንቅ ሰዓት ወንበር ባዶ ይዋል የሚሉኝ?»

«ልጆቹም አያውቁም። ሳያውቁ ነው ሦስት ዓመት የጠበቁላት። ካላወቅኩ ብዬ ያፈረስኩት እኔ ሽማግሌው ነኝ።»

ወደ ውጭ አየች። በመስኮቱ በኩል የልጆች ጫጫታ ይሰማ ነበር።

«የሙከራ ጊዜዎ እንዳላለቀ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«መምህራን ክፍል የተረፉ ወንበሮች አሉ፣ ይውሰዱ። ግን ይስሙኝ። ሰኞ አራት ሰዓት ላይ መጥቼ አያለሁ። ካልተመለሰች ጠረጴዛዋን ለሌላ እሰጣለሁ። ለቆመው ልጅ ወላጅ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ።»

እሷም አልተሳሳተችም፤ ምን ይደረጋል? ሦስቱን ወንበሮች በየተራ ተሸክሞ አመጣ። አራተኛ የራሱን፣ ባንኮኒው ጀርባ ያለችውን፣ አውጥቶ ለልጆቹ ሰጠ። ከዚያ ልጅቷን ፍለጋ ወጣ።

ከቤተ ሙከራው በስተጀርባ፣ ወደ ውሃ ታንከሩ በሚያወጣው የብረት ደረጃ ላይ አገኛት። ሦስተኛዋ ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ መጽሐፉ ጉልበቷ ላይ፣ ፀሐዩ ፊቷ ላይ። ዐይኗን አጨንቁራ ነው የምታነበው። አንጀቱን በላችው። እግሩ እንደ ልማዱ ሮጦ ሊጠጋት፣ እጁም ራሷን ሊዳብስ ፈለገ። ያዝ አደረገው። የአንድ ሚኒባስ ርዝመት ሲቀረው ቆመ።

«የኔ ልጅ» አለ።

ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ተቀመጪ፣ ተቀመጪ። አልጠጋም፣ እዚሁ ነኝ። አንድ ነገር ልበልና ልሂድ። ጥፋቱ የኔ ነው። ያ ልጅ የለበትም፣ የገፋሁት እኔ ነኝ። ትከሻሽንም መንካት አልነበረብኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

 ሌላ ጊዜ ቢሆን «ምነው ዝም አልሽ፣ ተናገሪ እንጂ» ይላት ነበር። አሁን ዝም አይነቅዝም ብሎ ቆመ። ጉልበቱን እያመመው ቆመ።

«ሰው እየቆመ ነው፣ ጋሼ» አለች በመጨረሻ። ድምጿን ሲሰማ የመጀመሪያው ነው፤ እንደጠበቀው የሰለለ አይደለም፣ ጥርት ያለ ነው። «እርስዎ ልክ ነበሩ። ሌላው ቆሞ እኔ ሁለት ወንበር እይዛለሁ። አላውቅም ነበር እኮ። ወንበሩ ባዶ የሚሆነው እንዲሁ ዕድሌ ሆኖ ይመስለኝ ነበር። ያን ሰሞን እርስዎ ጮክ ብለው ሲጠይቁ ነው ‹ሰው አለው› እንደሚሉልኝ የሰማሁት።»

ወይ ጣጣ! ልጆቹ ሦስት ዓመት በሹክሹክታ የሸሸጉትን ደግነት እሱ በአንድ ሳምንት በዚያ ጉሮሮው ገለጠው።

«ታዲያ ይሄ ያስከፋል?»

«አያስከፋም።» እጅጌዋን ጎተተች። «ያሳፍራል። አሁን ብገባ ሁሉም ቀና ብሎ ያየኛል። ሁሉም እያየኝ እዚያ ድረስ መሄድ አልችልም።»

ምን ይበላት? «አያዩሽም» እንዳይላት ልጆቹን ያውቃቸዋል፤ በር ሲንቀሳቀስ ሁሉም ነው አንገቱን የሚያወጣው። የማይሆን ቃል ሰጥቶ ደግሞ ሊበድላት አልፈለገም።

«ማንም አይቆምም» አላት የሚያውቀውን። «አራት ወንበር ጨምሬያለሁ፤ ጠዋትም ቀደም ብዬ እከፍታለሁ፣ በፈረቃ ይገባሉ። የሚቆመው እኔ ብቻ ነኝ።»

«ጉልበትዎስ?»

ማነከሱን አይታለች! ቀና የማትለው ልጅ!

«ጉልበቴ ምን ቸገረው፣ ከመኪና አይዘለልበት» አለና እንባው ሳይቀድመው ዞሮ ሄደ። የሰኞን ነገር አልነገራትም። ቀጠሮ መቁረጥ መጎተት ነው፤ መጎተት ደግሞ ይበቃዋል።

ሲመለስ መሰላልና ሬዲዮ በሩ ላይ ጠበቁት።

«አገኟት?»

«አገኘኋት።»

«ሰኞ ጠዋት ሄጄ እጇን ይዤ ላምጣት ይሆን?» አለ ቆይቶ፣ ለራሱም ለእነሱም። ዳይሬክተሯ ያለችውን ነግሯቸዋል።

«ተዉ ጋሼ» አለ መሰላል። «ከጠራናት ከበብናት ማለት ነው።»

እሷ የነገረችውን፣ የዓይን ነገር፣ ለሁለቱም አልተናገረም። ለሬዲዮ መንገር ለአገር መንገር ነው፤ የሰው ሐፍረት ደግሞ በአዋጅ አይነገርም።

ሰኞ በአንድ ሰዓት ከፈተ። ሁለት ሰዓት ሳይሆን ሞላ። ማንም አልቆመም፣ ከእሱ በቀር። ባንኮኒው ላይ በክርኑ ተደግፎ አንዴ በአንደኛው እግሩ፣ አንዴ በሌላው ይቆማል። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሦስት ሰዓት ሆነ። መጽሐፍ ተቀበለ፣ መጽሐፍ ሰጠ፤ የማንን እንደሰጠ አያውቅም። ሦስት ሰዓት ተኩል። ጥጉ ባዶ ነው። ከበሩ ላይ ዓይኑን መንቀል አቃተው። ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ተስፋው ተሟጠጠ። ያን የደረጃ ብረትና ያን የሚያጨነቁር ዐይን እያሰበ ራሱን ሲረግም በሩ ሲጥ አለ።

የሹራብ እጅጌ ታየው።

ልጅቷ ደፉ ላይ ቆማለች። አንድ እግሯ ውስጥ ነው፣ አንድ እግሯ ውጭ። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። ከበሩ እስከ ጥጉ ያለው መተላለፊያ፣ በሁለቱም በኩል ሰው የተኮለኮለበት፣ ፊቷ ተዘርግቷል። ጋሽ ጠጋበሉ ደነገጠ። አሁን ያ ሁሉ ራስ ቀና ይላል፣ እሷም ዞራ ትሄዳለች፣ አበቃ!

አንድም ራስ ቀና አላለም።

መጀመሪያ አላዩዋት ይሆናል ብሎ አሰበ። ከዚያ መሰላልን አየው። መጽሐፉ ላይ አቀርቅሯል፤ ጆሮዎቹ ግን በርበሬ መስለዋል። ሬዲዮ የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳ አንዲት መስመር ላይ ዐይኗን ተክላለች፤ ያቺን መስመር እያነበበቻት አይደለም። ግራኙ መጻፍ አቁሞ እስክርቢቶውን አየር ላይ ይዟል። የተኛውም ልጅ ነቅቷል፤ የነቃ መሆኑ እንዳይታወቅ ፊቱን ክንዱ ውስጥ ደብቋል። አይተዋታል! ሁሉም አይተዋታል! ዝንብ ስታልፍ አንገታቸውን የሚያወጡት ልጆች፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ መንገዱን በሙሉ ለእሷ ለቀውላታል።

«ግቢ የኔ ልጅ» ሊል አፉ ተከፍቶ ነበር። ዘጋው። እሱም እንደ ልጆቹ አንገቱን ደፍቶ ፊቱ የተዘረጋውን የመጽሐፍ መዝገብ ማየት ጀመረ።

የእርምጃ ድምፅ መጣ። ቀስ ያለ። ባንኮኒውን አለፈ። የመጀመሪያውን ጠረጴዛ አለፈ። መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ጋሽ ጠጋበሉም መዝገቡን በሁለት እጁ ያዘ። ቀና ብሎ ማየት አማረው፤ አንገቱን አሳከከው። ከልጆቹ ማንም አልተነቃነቀም። እርምጃው እንደገና ቀጠለ፣ ወደ ታሪክ መጻሕፍቱ ሄደ።

ከዚያ የወንበር እግር ወለሉን ሲፍቅ ተሰማ።

አንድ ልጅ አፍንጫውን ሳበ። ሌላው ገጽ ገለጠ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ክፍሉ በሙሉ ገጽ ይገልጥ ጀመር። ጋሽ ጠጋበሉ ዐይኑ እንባ ሞልቶ መዝገቡ ላይ ያለው ፊደል ሁሉ ተደበላለቀበት። ቀና ግን አላለም።